ባትሪው በየት በኩል ይተንፍስ?

ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ ፕሪየስ ምን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልግም። ታክሲ የሠራባት፣ ኡበር የነዳባት ሰው ባይሆን እንኳ የአጎቱ ልጅ ነድቷታል። የእኔዋ ግን የተለመደችው አይደለችም። ፕሪየስ ቪ የሚሏት ናት፤ ከኋላ ረዘም ብላ እንደ ዋገን የተሠራችው። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ እስከ 2017 ሞዴል ድረስ ሸጦ ትቷታል። የኔዋ 2013 ናት። ከአንድ ታክሲ ነጂ ነው የገዛኋት፤ ስለዚህ ስትመጣልኝ ገና ከጅምሩ ብዙ አይታለች።

ሰው ማመላለስ ሲሰለቸኝ ወደ እንጀራ ዞርኩ። በሐበሻ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት አሌክሳንድሪያ ካለ እንጀራ መጋገሪያ እጭናለሁ። ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያሉትን ሱቆች አዳርሼ በ395 አውራ ጎዳና ወደ ዲሲ እገባለሁ። ዩ ስትሪት አካባቢ ያሉትን ምግብ ቤቶች ጨርሼ መጨረሻዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስመለስም ባዶዬን አልመለስም። የጤፍ ዱቄት አለ፣ ሽሮ አለ፣ በርበሬ አለ።

«ቫን ለምን አትገዛም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ቫን እዚያ ዩ ስትሪት አጠገብ ዘጠነኛ መንገድ ላይ የት ላቁመው? ደግሞ የኔ ሥራ መቆም መነሳት ነው። ሃይብሪድ፣ ማለትም በነዳጅም በባትሪም የሚሄድ መኪና፣ እንዲህ ያለ ሥራ ይወዳል። ፍሬን በያዝክ ቁጥር ባትሪው ይሞላል፣ መብራት ላይ ስትቆም ሞተሩ ይጠፋል። ለዚህች መኪና በአዲስነቷ የተሰጣት የነዳጅ ግምት ከተማ ውስጥ በጋሎን 44 ማይል ነበር። የኋላው ወንበር ሲታጠፍ ደግሞ 67 ኪዩቢክ ጫማ ቦታ ይኖራታል፤ ወደ 1,900 ሊትር ማለት ነው። ለእንጀራ በቂ ነው።

የመጀመሪያውን ወር እንዲሁ ጫንኩ። ወንበር አጥፌ፣ ሳጥን ደርድሬ፣ የሽሮውን ባልዲ ጥግ አስይዤ። አንድ ቀን 395 ላይ ከፊቴ ያለው መኪና ድንገት ፍሬን ያዘ። እኔም ያዝኩ። ባልዲውን ግን ማን ይያዘው? ከወንበሬ ጀርባ ተላተመና ክዳኑ ተፈናጠረ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር መኪናዬ ውስጥ የገባ ሁሉ ምሳ ያምረው ነበር።

መኪናዋን በደንብ ላደራጃት ቆረጥኩ። አናጺ ጓደኛ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ግማሽ ኢንች ኮምፔንሳቶ ገዝተን ቆራረጥን። የታጠፈው ወንበር ከኋላው ወለል ጋር እኩል ስለማይሆን ከሥሩ የእንጨት ድጋፍ አደረግንለት። ጓደኛዬ ድሪሉን አንስቶ «በብሎን ወደ ወለሉ እንምታው» ሲለኝ፣ በዚያ ቀን ከሠራሁት ሁሉ ብልህ የምለውን አንድ ነገር አደረግኩ። «ቆይ!» አልኩት። የጭነቱ ወለል ሥር የሃይብሪዱ ባትሪ ነው ያለው። ከ200 ቮልት በላይ ነው፤ በብሎን የሚነካካ ነገር አይደለም። ስለዚህ ቶዮታ ራሱ ያስቀመጣቸው የማሰሪያ ቀለበቶች ላይ በቀበቶ ወጥረን አሰርነው።

ከላይ ግራጫ ሞኬት አለበስነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ጠርዙን ወደ ታች አጥፈን፣ በየጎኑ ጠቅጥቀን። ከኋላው ወንበር አጠገብ፣ ከታች በኩል አንዲት የፕላስቲክ ፍርግርግ ነበረች። ስፒከር ነው የመሰለችኝ። ከኋላ ሙዚቃ የሚሰማ ደግሞ የለም፤ እንጀራ ነው። ሸፈንናት።

ሲያልቅ ሁለታችንም ቆመን አየነው። ያምር ነበር፤ አልዋሽም። ፎቶ አንስቼ ለሰው ሁሉ ላክሁ።

ሙቀቱ ሲጀምር መኪናዋ ትናገረኝ ጀመር። እኔ ነኝ ያልሰማኋት። መጀመሪያ ከኋላ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ያለ ድምፅ መጣ፤ እኔም ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ። ቀጥሎ 42 ማይል ይሰጠኝ የነበረው ጋሎን ወደ 36 ወረደ፤ ጭነቱ ነው አልኩ። እንዲያውም ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ኤሲውን አጠፋሁና መስኮት ከፍቼ መንዳት ጀመርኩ። ይህ ከሁሉም የባሰው ስህተቴ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሐምሌ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ለአንድ ሠርግ 400 እንጀራ ጭኜ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እሄዳለሁ። ሙቀቱ መቶ ፋራናይት ሊሆን ምንም አልቀረውም። የዊልሰን ድልድይን እንደተሻገርኩ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ። ሃይብሪድ ሲስተሙን አስመርምር የሚል ጽሑፍ ተከተለ። ነዳጅ ስረግጥ መኪናዋ ትጮሃለች እንጂ አትሄድም። ዳር ይዤ ቆምኩ። በጎኔ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ያንቀጠቅጡኛል፤ ስልኬም ይጮሃል።

«ሙሽራዋ ደርሳለች፤ እንጀራው የት ደረሰ?» ይላሉ የሙሽራዋ አክስት።

«መንገድ ላይ ነኝ እትዬ።» ውሸት አልነበረም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ በሌለበት ቆሜ፣ በሮቿን ሁሉ ከፍቼ አናፈስኳት። ከዚያ ቀስ እያልኩ፣ በቀኝ መሥመር እየዳኽሁ ደረስኩ። ዶሮው ቀርቦ እንጀራ የሚጠብቅ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ሒሳቡን ሙሉ አልተቀበልኩም፤ ለመጠየቅም አፍሬ።

ሰኞ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ መሣሪያውን ሰክቶ ፒ0ኤ80 የሚል ኮድ አነበበ። «ባትሪው ሞቷል። ይቀየር። ከነጉልበቱ 3,000 ዶላር።» አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ኮፈን አልከፈተም፣ ወደ ኋላም ዞር ብሎ አላየም። በእርግጥ ኮዱ ሲተረጎም ራሱ «የሃይብሪድ ባትሪውን ቀይር» ነው የሚለው፤ ልጁ ያነበበውን ነገረኝ። ኮዱ የሚያየው ግን ባትሪው ውስጥ ያሉት ክፍሎች ቮልቴጃቸው እርስ በርስ መራራቁን ነው። ለምን ተራራቁ የሚለውን ሰው ነው መፈለግ ያለበት።

ሰው ደግሞ አለኝ። ለዓመታት ታክሲ የነዱ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው የሰው ፕሪየስ በደጃቸው የሚጠግኑ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። የኋላውን በር ከፈቱና ሞኬቴን በአድናቆት ዳሰሱት። ደስ አለኝ። ቀጥለው ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጥግ ጥጉን ፈተሹ።

«አንተ ልጅ፣ ባትሪው በየት በኩል ነው የሚተነፍሰው?»

«ባትሪ ይተነፍሳል እንዴ ጋሼ?»

«ትኩስ እንጀራ ከምጣድ አንስተህ በፌስታል ትቋጥራለህ?»

«ኧረ በጭራሽ! ያልበዋል፣ ይሻግታል።»

«እና ይሄንንስ ለምን ቋጠርከው?»

ሞኬቱን በምላጭ ቀደዱት። ስፒከር ያልኳት ፍርግርግ ወጣች። የባትሪው አየር ማስገቢያ ናት። ይህ ባትሪ 28 ሞጁሎች ተደርድረው የተሠራ የኒኬል ባትሪ ነው። ሲሞላም ሲሰጥም ይሞቃል። የሚያቀዘቅዘው ከመኪናው ውስጥ አየር እየሳበ የሚያሳልፍለት ትንሽ ፋን ነው። ሹፌሩ የሚተነፍሰውን አየር ነው እሱም የሚተነፍሰው። ስለዚህ በሐምሌ ኤሲ ማጥፋት እሱንም ምድጃ ውስጥ መክተት ነው። ያ የፀጉር ማድረቂያ ድምፅም ፋኑ አየር አጥቶ በሙሉ ጉልበቱ ሲታገል ነበር።

የባትሪውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውን ዋና መሰኪያ አውልቀው፣ ጓንት አጥልቀው፣ ፋኑን ፈቱት። (ብርቱካናማ (የከፍተኛ ቮልቴጅ) ኬብል ያለበትን ቦታ የማያውቅ ሰው አይንካ። እኔ የእጅ ባትሪ ከመያዝ ያለፈ አልሠራሁም።) ከውስጡ የጤፍ ዱቄት፣ የሰው ፀጉርና ከራሴ ሞኬት የረገፈ ክር ተጋግሮ ወጣ። ጋሼ በጣታቸው አንስተው አሸተቱት። «በርበሬም አለበት» አሉ።

ፋኑን በብሩሽ አጽድተው መለሱት። ኮዱን አጠፉና ለሁለት ቀን እንድነዳት ነገሩኝ፤ በኤሲ። ከዚያ በስልካቸው ቮልቴጁን አንድ በአንድ አነበቡ። 28ቱ ሞጁሎች ሁለት ሁለት ሆነው ሲቆጠሩ 14 ጥንዶች ናቸው። አሥራ ሦስቱ እኩል ለእኩል ሄዱ፤ አንዱ ትንሽ ወደኋላ ይላል። «ይሄ አንድ ቀን ይጠይቅሃል፤ ዛሬ ግን አይደለም» አሉኝ። ገንዘብ አልቀበልም ብለው እንጀራ ተቀበሉኝ።

ወለሉን እንደገና ሠራነው። ፍርግርጓ ያለችበትን ቦታ ቆርጠን ክፍት ተውነው። ሳጥን ተንሸራትቶ እንዳይደፍናት ከፊቷ የእንጨት አጥር አበጀንላት። ሞኬቱ ወጥቶ በላስቲክ ምንጣፍ ተተካ፤ ክር አይረግፈውም፣ በውኃ ይታጠባል። ዱቄት አሁን ክዳን ባለው ሳጥን ነው የሚሄደው። በየወሩ መጨረሻ እሑድ ፍርግርጓን በቫኪዩም እስባታለሁ።

ክብደቱንም ያኔ ነው ማስላት የጀመርኩት። የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ አይለፍ የሚል ጽሑፍ አለ። ሰው ሲል እኔንም ይቆጥራል፤ እኔ ደግሞ ቀላል አይደለሁም። በፊት ባለ 50 ፓውንድ ዱቄት እስኪሞላ ስጭን የመኪናዋ ቂጥ ወርዶ፣ መብራቷ ሰማይ ያይ ነበር። ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት ሲያበራብኝ ሰላምታ ይመስለኝ ነበር። ኢንሹራንሱንም ወደ ንግድ ቀየርኩት። የግል ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ በክፍያ ዕቃ ስታደርስ ለሚደርስ አደጋ አይከፍልም። ዋጋው ያማል፤ ከፈልኩ።

ባለፈው ሳምንት ሥራውን ሊጀምር የተዘጋጀ አንድ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። እንደኔዋ ያለች መኪና ገዝቷል። ወለል ሠርቷል፣ ቀይ ሞኬት አልብሷል፣ ጠርዙን ሁሉ ወደ ውስጥ ጠቅጥቋል። ከኔ የመጀመሪያው ይበልጥ ያምራል።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«አሪፍ ነው» አልኩት። «ከኋላው ወንበር አጠገብ፣ ከታች ያለውን ቦታ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።»

«እዚያ ጋ ምንም የለም እኮ፣ ስፒከር ነው» አለኝ።

ምላጭ ይዤ ሄድኩ።