ከአፍሳር እስከ ኮርቻ፦ ያልተገራ ፈረስ የመግራት ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ ዕድሜው ለኮርቻ የደረሰ፣ ግን ገና ያልተገራ የደጋ ፈረስ ለያዛችሁ ነው። ቅደም ተከተል አለው፤ ፍጥነቱን ግን የሚወስነው ፈረሱ ነው። አንዱ በሳምንት የሚያልፈው ሌላውን ወር ይፈጅበታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማይለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፈረስ የሚማረው ገመዱ በላላበት ቅጽበት ነው። መሳብ፣ መግፋት፣ በእግር መጫን ጥያቄ ናቸው። መልሱ ልክ መሆኑን ፈረሱ የሚያውቀው ስትለቁት ነው። እጁ በሰዓቱ መልቀቅ የማይችል ሰው በአለንጋም በስኳርም ፈረስ አይገራም።

መጀመሪያ ዕድሜውን አረጋግጡ። ገበያ ላይ ሻጭ ከሚምለው ይልቅ ጥርሱ ይታመናል። ከፊት ያሉት መቁረጫዎች በቋሚ ጥርስ የሚተኩት በተራ ነው፤ መሃለኞቹ በ2 ዓመት ተኩል፣ ከጎናቸው ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል ገደማ። የዳር ጥርሱን ያልለወጠ ፈረስ በገመድ መመራትን፣ መቦረሽንና እግር መስጠትን ይማር፣ ኮርቻም ይልመድ፤ ረጅም ግልቢያ ግን ይቆየው። የጀርባ አጥንቱ ማደግ የሚያበቃው ከ5 ዓመት በኋላ ነው።

ቀጥሎ ክብደት። ሚዛን አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ፤ ከዚያ ከትከሻው ፊት ለፊት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ያለውን ርዝመት ለኩ፤ ሁለቱም በሴንቲሜትር ይሁን። የደረቱን ልኬት በራሱ አባዙ፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዙና ለ11,880 አካፍሉ። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 135 የሆነ ፈረስ 239 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በፈረሰኞች ዘንድ የተለመደው መመሪያ ፈረሱ የሚሸከመው፣ ኮርቻው ተጨምሮ፣ ከክብደቱ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ለዚህ ፈረስ 48 ኪሎ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከፋዋል። የደጋ ፈረስ ከቁመቱ በላይ ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ጀርባው የሚጎዳበት መንገድ ግን ከሌላው አይለይም። ከዚህ በላይ የምትመዝኑ ከሆነ ትልቅ ፈረስ ፈልጉ፤ እስኪገኝ ግልቢያውን አሳጥሩ፣ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ውረዱ።

ሦስተኛው ሕመም ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። «አመለኛ» ተብለው ከሚሸጡት ፈረሶች ብዙዎቹ የሚያማቸው ናቸው። በሁለት ጣት ከጋማው ማለቂያ ጀምራችሁ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ እስከ ወገቡ እየተጫናችሁ ሂዱ። ጀርባውን ዝቅ ካደረገ፣ ጆሮውን ከለጠፈ፣ ጭራውን ካወናጨፈ ቦታውን ምልክት አድርጉበት። ቆዳው ቢድንም የድሮ ገጣባ ነጭ ፀጉር አብቅሎ ይታያል። የከንፈሩን ዳርና ምላሱን ለልጓም ቁስል፣ ኮቴውን ለሽታ መርምሩ። የሚታመም ፈረስ አይገራም፤ ይታከማል።

ቀረቤታና ብሩሽ

የፈረስ ዓይኖች በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የማያየው ግንባሩ ፊት ያለችውን ጠባብ ቦታና በቀጥታ ከጭራው ኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ ወደ ትከሻው ሰያፍ ቅረቡ፣ ድምፅ አሰሙ፣ ዓይኑ ላይ አታፍጥጡ። ለመሸሽ አንገቱን ሲያነሣ ባላችሁበት ቁሙ፤ አንገቱን መልሶ ዝቅ ሲያደርግ ወይም ዓይኑን ሲያርገበግብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። መራቃችሁ ዋጋው ነው። ይህን እየደጋገማችሁ ስትቀርቡ ብዙ ፈረስ ራሱ ሊያሸታችሁ ይመጣል።

መጀመሪያ የሚነካው ግንባሩ አይደለም። እጃችሁን አንገቱ ከትከሻው በሚገናኝበት፣ ጋማው በሚያልቅበት ቦታ አሳርፉና በጣት ጫፍ እከኩ። ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በፈረንሳይ የካማርግ ፈረሶች ላይ የታተመ ጥናት ይህ ቦታ ሲታከክ የልብ ምታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። የላይኛው ከንፈሩ ሲረዝምና ሲንቀጠቀጥ ነጥቡን አግኝታችኋል። ሊያክካችሁ ጥርሱን ካዞረ ግን በክርናችሁ አፉን በቀስታ መልሱ፤ ፍቅሩ ነው፣ ጥርሱ ግን ጥርስ ነው።

ለመቦረሽ አራት ነገር ይበቃል፦ የላስቲክ መፈተጊያ፣ ጠንካራ ብሩሽ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ለፊቱ እርጥብ ጨርቅ። መፈተጊያው ሥጋ ባለበት ብቻ፣ በክብ በክብ እያዞራችሁ ጭቃና የረገፈ ፀጉር ያነሣል፤ ከጉልበት በታችና ፊቱ ላይ አይገባም። ጠንካራው ብሩሽ በፀጉሩ አቅጣጫ አቧራውን ጠርጎ ያወጣል፤ ለስላሳው ፀጉሩን ያስተኛል። ጭራውን ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ላይ በጣት ፍቱ፤ ከጎኑ ቆማችሁ እንጂ ከኋላው አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ቆዳው ቢርገበገብ ወይም ቢሸሽ ብሩሹን ወዲያው አታንሡ፤ ቀለል አድርጋችሁ እዚያው አቆዩት፣ ሲረጋ አንሡት። ሲሸሽ ካነሣችሁት መሸሽ እንደሚያዋጣ አስተማራችሁት።

ብሩሽ፣ ድልዳል (ከኮርቻ ሥር የሚነጠፈው) እና ልጓም መዋዋስ ይቅር። በሞቃታማ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን የሚፈጀው፣ በቆዳ ሥር እንደ ዶቃ ተደርድሮ የሚያብጥና የሚፈነዳ የፈንገስ በሽታ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚያልፈው በቁስል ነው፤ የተዋሱት ዕቃ ጥሩ መንገድ ይሆንለታል። እባጭ ያየ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጥራ፤ ፈረሱንም ለብቻው ይሰር።

አፍሳርና እግር መስጠት

የአፍሳሩ ገመድ 3 ሜትር ገደማ ይሁን። እጅ ላይ አይጠመጠምም፤ በእጥፍ እጥፍ ይያዛል። ፈረሱን ወደፊት ስትጠይቁ ገመዱን ቀስ ብላችሁ እስኪወጠር ሳቡና በዚያው ልክ ያዙ። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ክብደቱን ወደፊት ሲያዘነብል፣ ኮቴው ገና ከመሬት ሳይነሣ፣ ልቀቁ። በሚቀጥለው ግማሽ እርምጃ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት። የጀማሪ ትልቁ ችግር ፈረሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላም መሳብ መቀጠል ነው። እንዲህ የተያዘ ፈረስ ቢራመድም ባይራመድም ገመዱ አይለቀውም፤ ስለዚህ አንገቱን አጠንክሮ መጎተትን ይለምዳል፤ ኋላም «አፉ ደነደነ» ይባላል። ወደ ኋላ መሄድን አፍንጫው ላይ፣ ዳሌ ማዞርን ጎኑ ላይ በአንድ ጣት በዚሁ ሕግ ጠይቁ። ሁሉንም በግራም በቀኝም ሥሩ፤ በግራ ዓይኑ የለመደውን በቀኝ ሲያየው እንደ አዲስ የሚደነብር ፈረስ ብዙ ነው። አንድ ትምህርት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

ስታስሩት ከጋማው ማለቂያ ቁመት በማያንስ ቦታ፣ በአንድ ክንድ ርዝመት፣ ጫፉ ሲሳብ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩ። ገመዱን በቀጥታ ከግንዱ ጋር ሳይሆን በመሃል ከገባ የሲባጎ ቀለበት ጋር አያይዙት፤ ደንግጦ ሲወጥር አንገቱ ከሚጎዳ ሲባጎው ይበጠስ።

እግር ለማንሣት ፊታችሁን ወደ ጭራው አዙሩ፤ እጃችሁን ከትከሻው ጀምራችሁ በእግሩ ኋላ በኩል ወደ ታች አውርዱና ከኮቴው በላይ ያለውን ጅማት ቆንጠጥ አድርጉ። ክብደቱን ሲያነሣ ልቀቁ። ከዚያ ሁለት ሰከንድ ያዙ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥር። እሱ ሳይነጥቅ እናንተ አስቀምጡት። ኮቴውን ከተረከዝ ወደ ጣት በደነዝ የብረት ቆልማማ ጥረጉ፤ በተቃራኒው ከሄዳችሁ ጫፉ በመሃል ያለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ይወጋል። ጥቁር ፈሳሽና የሚሰነፍጥ ሽታ ካለ የሚቆምበት መሬት እርጥብ ነው፤ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ጉዝጓዙን አድርቁ። ኮቴው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይከረከማል።

በደብተር የሚያዘው ይህን ያህል ይበቃል፦ «ዳማ፣ ግራ የፊት፦ 10 ሰከንድ ያለ መንጠቅ። ቀኝ የኋላ፦ ነጠቀ፣ ሲያሳርፍ ተለቀቀ። የልብ ምት 40።» ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ ከመንጋጋው በታች ባለው ሥር ላይ 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ። ሳይሠራ ከዚህ ብዙ ከፍ ካለ ወይ ፈርቷል ወይ ያመዋል።

ጃንጥላ፣ ከበሮ፣ እልልታ

ለጥምቀት ጉግስ ወይም በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ለሚከበረው፣ በ1932 ዓ.ም. ለተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር በዓል ፈረስ የምታዘጋጁ ይህን ክፍል አትዝለሉት። ያልለመደ ፈረስን በግላስና በጌጥ አስጊጦ ሕዝብ መሃል ማስገባት ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት ነው።

አንድ ሰው ጃንጥላውን ዘግቶ 10 ሜትር ርቆ ይቁም። ይክፈተው። ፈረሱ አንገቱን አንሥቶ ያፈጣል፣ ያንኮራፋል፤ ጃንጥላው እንደተከፈተ ይቆይ፣ ያዡም ገመዱን ሳያጠብቅ ይጠብቅ። አንድ ጆሮ ወደ ያዡ ሲዞር፣ አንገቱ ዝቅ ሲል፣ አፉን ሲያላምጥ ጃንጥላው ይዘጋና ሰውየው ዞር ይበል። ከዚያ በ8 ሜትር፣ በ6። ፈረሱ ከሸሸ ጃንጥላው ከልክ በላይ ቀርቦታል፤ ጃንጥላው እንደተከፈተ ወደ ኋላ ይራቅና ከዚያ ይጀመር። ብዙ ሰው ፈረሱ ሲደነግጥ ጃንጥላውን በችኮላ ይዘጋል፤ ፈረሱም ደንግጦ አስፈሪውን ነገር እንዳሸነፈ ይቆጥራል። ጃንጥላው ጀርባው ላይ ሲያርፍ ካልተንቀሳቀሰ ከበሮውን በዚሁ ዘዴ አምጡ፤ እልልታ መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ድንገተኛ ስለሆነ ከሁሉም ይከብዳልና።

ኮርቻ፣ ልጓም፣ መውጣት

ድልዳሉን አሸትቱት፣ ጀርባው ላይ አድርጉ፣ አንሡ፣ ደጋግሙ። ኮርቻው ሲጫን የእንጨቱ ሁለት ጎኖች ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ማረፍ አለባቸው፤ በመሃል፣ በአከርካሪው ላይ፣ ከፊት እስከ ኋላ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይታይ። መቀነቱ በአንድ ጊዜ አይጠብቅም፤ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ጥቂት አራምዱ፣ አጥብቁ፣ እንደገና አራምዱና ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል አጥብቁ። በአንድ ጊዜ የሚጠበቅበት ፈረስ ሆዱን መንፋትና መንከስ ይለምዳል።

ልጓም ላይ ተጠንቀቁ። ብዙው የአገራችን ልጓም በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ የሚያርፍ ቀለበት ያለው ነው፤ ትንሽ ሲሳብ ብዙ ይጎዳል። ለሚማር ፈረስ በመሃሉ የሚታጠፍ ለስላሳ ብረት ይሻላል፣ ወይም ለጊዜው በአፍሳር ብቻ ጀምሩ። ብረቱን በብርድ ጠዋት በእጃችሁ አሙቁ።

ስትወጡ መጀመሪያ ሆዳችሁን ኮርቻው ላይ አሳርፋችሁ ብቻ ውረዱ። ሁለተኛ ሰው አፍሳሩን ይያዝ፤ የፈረሱም አንገት ወደ እናንተ ጥቂት ይዙር፤ አንገቱ የዞረ ፈረስ ቀጥ ብሎ መዝለል ይቸገራል። ጫማ ለብሳችሁ የምትጋልቡ ከሆነ በእግር አውራ ጣት ብቻ የሚያዘውን ባህላዊ እርካብ ተዉት፤ ሰፋ ያለ እርካብና ተረከዝ ያለው ጫማ ይሻላል፤ ስትወድቁ እግራችሁ ተይዞ አይቀርም። ጀርባው ላይ ሆናችሁ መጀመሪያ የምታስተምሩት መቆምን ነው፦ ከልጓሙ ጋር የተያያዘውን ዛብ ያዙ፣ ሲቆም በዚያው ቅጽበት ልቀቁ። መታጠፍ ይቀጥላል። ሶምሶማው ያለ መጎተት ሲቆምላችሁ ከሶምሶማ የሚፈጥነውን ደንገላሳ ሞክሩ። ሽምጥ ግልቢያ ለመማር አይጠቅምም፤ ሮጦ የሚረጋጋ ፈረስ የለም።

ቀለብ በአጭሩ፦ 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ ድርቆሽና ገለባ፣ ሳይሠራ በብርድ ከ12 እስከ 15 ሊትር ውኃ፣ ሲሠራ እጥፉን ይፈልጋል። ገብሱ ይሸርከት፤ በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ አይብለጥ፤ ቁርጠት የሚመጣው አንድም ከዚህ ነው። በፉርሽካ ብቻ የሚቀለብ ፈረስ ፎስፈረሱ ካልሲየሙን ስለሚበልጠው አጥንቱ ይሳሳል፤ የፊቱ አጥንት ያብጣል። የዶሮ መኖ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ለዶሮ በሽታ መከላከያ የሚጨመርበት መድኃኒት ፈረስን ሊገድል ይችላል። ማባበያ ከሰጣችሁ በሳህን ስጡ፤ በእጅ የለመደ ወጣት ፈረስ ኪስ ለኪስ እያሸተተ መንከስ ይጀምራል።

ስትመለሱ የመጨረሻውን 10 ደቂቃ በእግር አራምዱት፤ የልብ ምቱ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከ60 በታች ካልወረደ ሥራው ከአቅሙ በላይ ነበር። መቀነቱን በአንድ ጊዜ አትፍቱ፣ አላሉ እንጂ። ድልዳሉን ስታነሡ ላቡን እዩ፦ ጀርባው ሁሉ እኩል ከራሰ ኮርቻው ተስማምቶታል። በእርጥበቱ መሃል እንደ መዳፍ የደረቀ ቦታ ካለ እንጨቱ እዚያ ላይ ተጭኖታል ማለት ነው፤ ቦታውን በደብተር ሥላችሁ ኮርቻው ሳይስተካከል ነገ አትጫኑት።