በአዳማ የጋራ የምርምር ክላስተር መሥራት፦ መብራት፣ ሰዓትና ቁልፍ

የጋራ የምርምር ኮምፒውተር ይሠራ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ኮር?»፣ ማለትም ስንት የፕሮሰሰር ማስሊያ ክፍል፣ የሚለው ነው። በእኔ እምነት ግን ሦስት ነገሮች ተጽፈው ካልተፈረመባቸው ሰርቨሩ ባይገዛ ይሻላል፦ መብራት ሲጠፋ ምን ቀድሞ ምን ተከትሎ እንደሚዘጋ፣ የሁሉም ማሽን ሰዓት ከየት እንደሚመጣ፣ ተጠቃሚው በምን ቁልፍ እንደሚገባና መቼ እንደሚሰናበት። ኮር በኋላም ይጨመራል። እነዚህን ግን ሰው ሥራ ከጀመረ በኋላ መለወጥ እጅግ ከባድ ነው።

ክላስተር ማለት በኔትወርክ ተያይዘው አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ነው፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ኖድ ይባላል። ስምንት የስሌት ኖድ፣ አንድ መግቢያ፣ አንድ መቆጣጠሪያና አንድ የዳታ ማስቀመጫ (ስቶሬጅ) ያለው ክላስተር እንውሰድ። ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ኖድ ሙሉ ጭነት ላይ 500 ዋት ገደማ ይበላል ብለን ብናሰላ ስምንቱ 4 ኪሎዋት፣ ከቀሪዎቹ ጋር ወደ 5 ኪሎዋት ይደርሳል። የተበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ስለሚቀር በሰዓት 17,000 ቢቲዩ ማውጣት ያስፈልጋል። ባለ 18,000 ቢቲዩ ኤሲ በወረቀት ላይ ይበቃል፤ የቀትር ሙቀት ላይ ግን አቅሙ ይወርዳል። ሁለት ባለ 24,000 ተክሎ በየተራ ማሠራት ይሻላል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ብቻውን ይችለዋል።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ያው ፋን የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። አሽሬ በሚባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር መመሪያ ኤ2 የሚባለው የሰርቨር ምድብ እስከ 35 ዲግሪ ይፈቀድለታል፤ ከ900 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። እዚህ ጣሪያው 32 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው ማለት ነው። እኔ በሰርቨሩ ፊት ለፊት 25 ዲግሪን አላሳልፍም። ከከተማው ውጭ ተርባይኖቹን የሚያሽከረክረው ነፋስ በበጋ አቧራውን እስከ ፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ድረስ ያስገባል፤ መስኮቱ ይታሸግ፣ የኤሲው ማጣሪያ በየወሩ ይታጠብ።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር ኤሲው እሱ ላይ አለመሆኑ ነው። መብራት ሲሄድ ሰርቨሮቹ በባትሪ ይቀጥላሉ፣ ማቀዝቀዣው ግን ቆሟል፤ ጠባብ ክፍል በጥቂት ደቂቃ ይግላል። ስለዚህ ባትሪው 30 ደቂቃ ቢይዝም ጀነሬተር ኤሲውን ካላስነሳ በ5ኛው ደቂቃ መዝጋት መጀመር አለበት። ቅደም ተከተሉ፦ ወረፋው አዲስ ሥራ እንዳይጀምር ይታገዳል፣ የሚሮጡት ሥራዎች ያሉበትን ደረጃ እንዲያስቀምጡ ምልክት ይላካል፣ የስሌት ኖዶቹ ይጠፋሉ፣ ከዚያ መግቢያውና መቆጣጠሪያው፣ ስቶሬጁ በመጨረሻ። ሲነሳ ተቃራኒው ነው። ስቶሬጁ ቀድሞ ከጠፋ ፋይል በኔትወርክ በሚያጋራው ኤንኤፍኤስ የተያያዙት ኖዶች መልስ እየጠበቁ ይደርቃሉ፤ በትክክል መዝጋትም አይቻልም። በኖዶቹ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ «መብራት ሲመለስ» የሚለው ምርጫ «ጠፍቶ ይቆይ» ላይ ይሁን። መብራቱ መጥቶ ሄዶ ሲጫወት ስምንቱም አብረው እየተነሱ ከሚወድቁ መቆጣጠሪያው አንድ በአንድ ቢያስነሳቸው ይመረጣል።

ሰዓት ብዙ ሰው የሚንቀው ጉዳይ ነው። ሥራዎችን በወረፋ ለኖዶቹ የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር፣ ስለርም፣ በኖዶቹ መካከል ማንነት የሚያረጋግጠው መንጅ በሚባል አገልግሎት ነው፤ መንጅ የሰጠው ማረጋገጫ በተለመደው አቀማመጥ ለ300 ሰከንድ ብቻ ይጸናል። የአንድ ኖድ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተዛባ ኖዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከክላስተሩ ይወጣል፤ ሰው ደግሞ ኬብል ሲነቅልና ሲሰካ ይውላል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሲአር2032 ባትሪ መድከም ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። መፍትሔው መቆጣጠሪያውን ክሮኒ በሚባል የሰዓት ማስተካከያ ፕሮግራም የክላስተሩ የሰዓት ምንጭ ማድረግ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም የራሱን ሰዓት ማደሉን እንዲቀጥል ማዘዝ፣ ኖዶቹ ደግሞ ሲነሱ ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ ካለፈ በአንዴ እንዲያርሙ ማድረግ ነው። የመንጅ ቁልፍ በሁሉም ኖድ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ከመንጅ ተጠቃሚ በቀር ማንም አያንብበው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የጥገና ማስታወቂያ ላይ «2 ሰዓት ላይ ይዘጋል» ብላችሁ አትጻፉ። ኮምፒውተሩ 02:00 ሲል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ።

ከሌላ ከተማ ክላስተር ጋር በግሪድ፣ ማለትም የተለያዩ ማዕከላት ኮምፒውተሮቻቸውን በሚጋሩበት ትስስር፣ መያያዝ ሲመጣ ምን እንደሚጋራ መለየት ያስፈልጋል። በኖዶች መካከል ያለማቋረጥ መልእክት የሚለዋወጥ የአየር ንብረት ሞዴል በሁለት ከተማ ተከፍሎ አይሮጥም፤ የመስመሩ መዘግየት ይገድለዋል። እርስ በርስ የማይጠባበቁ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ሥራዎች ግን ይመቻሉ። ለእነዚህ በዊስከንሰን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 1988 የተጀመረው የሥራ ማከፋፈያ ሶፍትዌር ኤችቲኮንዶር ተስማሚ ነው፤ ኖድ መሐል ላይ ቢጠፋ ሥራውን ወደ ወረፋ መልሶ ሌላ ቦታ ያስጀምረዋል። ዳታውንም አስሉ፦ 1 ቴራባይት በ100 ሜጋቢት መስመር፣ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ለእናንተ ቢሆን እንኳ፣ ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከቆመበት የሚቀጥል መላኪያ ተጠቀሙ፤ ሲደርስ ፋይሉ አለመለወጡን በሚያሳየው ሻ256 አመሳክሩ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ብዙ የግሪድ መመሪያዎች ግሎበስ ቱልኪት የሚባለውን የግሪድ ሶፍትዌር ጫኑ ይላሉ፤ የክፍት ምንጩ ድጋፍ በፈረንጆቹ 2018 መጀመሪያ ስላበቃ አትከተሏቸው። በግሪድ ላይ ተጠቃሚውን ወክሎ ለ12 ሰዓት የሚጸናው የውክልና ሰርተፊኬትም ቦታውን ለአጭር ዕድሜ ቶክን (ዲጂታል የመግቢያ ፈቃድ) እየለቀቀ ነው።

የማያያዝ አደጋው በግንቦት 2012፣ በፈረንጆቹ ሜይ 2020፣ በግልጽ ታይቷል። የኤደንበራውን አርቸር ጨምሮ በአውሮፓ በርካታ ሱፐርኮምፒውተሮች ተዘጉ። መንገዱ የተሰረቀ የኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያ ዘዴ) መለያ ነበር፤ አንድ ተመራማሪ በብዙ ማዕከል አካውንት ስላለው ከአንዱ የተወሰደው ቁልፍ ሌላውን ይከፍታል። ከዚህ የሚወጡት ሕጎች ግልጽ ናቸው። የግል ቁልፍ ያለ ይለፍ ሐረግ አይቀመጥ፤ መግቢያ ኖድ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይቀመጥ። ሁለተኛው ማረጋገጫ ስልክ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ኮድ ይሁን፤ ኤስኤምኤስ ኔትወርክ ሲደክም አይደርስም፣ ይኼኛው ግን ኔትወርክ አይፈልግም። የስሌት ኖድ ወደ ኢንተርኔት በቀጥታ አይውጣ፤ ተጠቃሚም ሥራው የማይሮጥበት ኖድ ውስጥ እንዳይገባ ስለርም የሚሰጠው የመግቢያ መቆጣጠሪያ፣ የፓም ሞጁል፣ ይከልክለው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን በየላብራቶሪው ለአሥር ተማሪ በአንድ ፓስዎርድ የሚከፈተው አካውንት ነው። ጉዳት ሲደርስ ማን እንዳደረገው አይታወቅም፣ የተመረቀውም ተማሪ ዘላለም ይገባል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አካውንት ይከፈት፤ በየዓመቱ ሐምሌ 30 በራሱ ይዘጋ፤ አማካሪው በፊርማ ያድስለት።

የሰርቨሮቹ የርቀት መቆጣጠሪያ፣ አይፒኤምአይ የሚባለው፣ በራሱ ቪላን (ከሌላው የተለየ የውስጥ ኔትወርክ) ይቀመጥ። የአይፒኤምአይ 2.0 አሠራር የይለፍ ቃሉን ሃሽ (ከቃሉ የሚሰላ አሻራ) ገና ላልገባ ሰው ስለሚሰጥ ፓስዎርድ መቀየር ብቻውን አያድንም። ተጠቃሚው ሁሉ ማሽኑ ላይ ትእዛዝ የሚሰጥበት ሼል ስላለው የውስጥ ቀዳዳም እንደ ውጪው ያስፈራል፦ በጥር 2014፣ በፈረንጆቹ ጃንዩወሪ 2022፣ ይፋ የሆነው ፖልኪት የሚባለው የፈቃድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ቀዳዳ ከፈረንጆቹ 2009 ጀምሮ በብዙ ሊነክስ ውስጥ ተቀምጦ ማንኛውንም ተጠቃሚ ሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው፣ ያደርግ ነበር። በወር አንድ የጥገና ቀን ከወዲሁ ካልተቆረጠ ማንም ኖዱን አጥፍቶ አያድስም።

ሎጉ፣ ማለትም ማሽኑ የተደረገውን የሚመዘግብበት፣ ተጠቃሚ ወደማይገባበት ሌላ ማሽን በየቅጽበቱ ይላክ። ሰብሮ የገባ ሰው ሲጠረጠር ኖዱን አታጥፉ፣ ዳግም አታስነሱም፤ ሜሞሪው ውስጥ ያለው ማስረጃ ይጠፋል። የኔትወርክ ኬብሉን ንቀሉ፣ የሚሮጡትን ፕሮሰሶች መዝግቡ፣ በግሪድ የተያያዛችኋቸውን ማዕከላት በዚያው ቀን በስልክ አሳውቁ። ስልክ ቁጥሮቹ በወረቀት ታትመው ክፍሉ በር ላይ ይለጠፉ፤ ኢሜይሉ በጠላት እጅ ሊሆን ይችላልና።