ሦስት ልጅ፣ አንድ ጀልባ

ማታ ማታ ሁሉም ሲተኛ የልጆች ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፣ ሦስት ወንድምና እህቶች በአባታቸው ጀልባ የሰጠመ መርከብ ወርቅ ፍለጋ ይወጣሉ፣ በቃ ታሪኩ ይሄ ነው። መጀመሪያ የሳልኩት ካርታውን ነው። ደራሲው ስቲቨንሰንም ትሬዠር አይላንድ የሚባለውን የሀብት ፍለጋ ልብ ወለዱን እንደዛ ነው የጀመረው፣ በ1881 ዝናቡ ቤት አስቀምጦት ከእንጀራ ልጁ ጋር ቀለም ሲቀባ አንድ ደሴት ሳለና ታሪኩ ከዛ ወጣ።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ለእህቴ ልጅ አነበብኩላት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስለ ወርቁ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም! "ትልቋ ግን ለምንድነው ሁሌ ትንሹን የምትቆጣው?" ነው ያለችኝ። እኔ እኮ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ሳንቲሙ ምናምን ነበር ገጽ የጨረስኩት። ከዛ ገባኝ፣ የብስ ላይ ስትጣላ በሩን ዘግተህ ክፍልህ ትገባለህ፣ ጀልባ ላይ ግን የት ትሄዳለህ? አንዱ መሪውን ይዟል አንዷ የሸራውን ገመድ፣ ተኳርፈውም ቢሆን "ልቀቂው!" ሲላት መልቀቅ አለባት፣ አለበለዚያ ሁሉም ባሕር ውስጥ ነው።

እውነተኛ ሀብት ፈላጊዎች እንዴት እንደሚሠሩ ሳነብ ደግሞ አቶቻ ላይ ደረስኩ። የስፔን መርከብ ናት፣ በ1622 ወርቅና ብር ጭና ፍሎሪዳ አካባቢ በሄሪኬን (በከባድ የባሕር አውሎ ነፋስ) ሰጠመች፣ 265 ሰው ነበረባት፣ የተረፉት ምሰሶ ላይ የተንጠለጠሉ 5 ሰዎች ብቻ። ሜል ፊሸር የሚባል ሰው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር 16 ዓመት ፈለጋት፣ በየቀኑ "ዛሬ ነው ቀኑ" እያለ። በ1975 ጁላይ ላይ ልጁ ደርክ የመርከቧን የነሐስ መድፎች አገኘ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ሌሊት ተኝተው ሳሉ ጀልባው ተገልብጦ እሱም ሚስቱም አንድ ጠላቂም ሞቱ። ቤተሰቡ ፍለጋውን አላቆመም። ልክ በ10 ዓመቱ፣ በዛው ቀን፣ ጁላይ 20 ቀን 1985፣ የደርክ ወንድም ኬን ዋናውን የሀብት ክምር አገኘና በሬዲዮ "ካርታዎቹን አስቀምጧቸው፣ አግኝተነዋል" አለ።

እዚህ ጋ ስደርስ ላፕቶፑን ዘግቼ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ወንድሙ የሞተበት ባሕር ላይ 10 ዓመት ሙሉ መመላለስ ምን ዓይነት ነገር ነው...

የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ልጅ አልገድልም፣ እሱን ወስኛለሁ። ግን ባሕሩ እንደ መዋኛ ገንዳ እንዲሆንም አልፈልግም፣ ልጆች ውሸት ወዲያው ያውቃሉ። ስለዚህ ሰባተኛውን ምዕራፍ ከነ ሻርኩ አወጣሁት (ሻርኩን ሲጀመርም አልወደድኩትም ነበር) እና በቦታው ሌሊቱን ጻፍኩ። ሁሉም ተኝተዋል፣ ጀልባው ቀስ ብሎ ውሃ እያስገባ ነው፣ ትንሹ እግሩ ሲረጥብ ይነቃል። ከትልቋ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ቀናቸው ነው፣ አንድ ቃል አልተነጋገሩም፣ አሁን ግን ፓምፑን ማስነሳት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በጨለማ ትከሻዋን ይዞ ይወዘውዛታል፣ ከሁለት ቀን በኋላ የሚላት የመጀመሪያ ቃል "ተነሺ" ነው።

ቅዳሜ ለእህቴ ልጅ አነብላታለሁ። ወርቁ ገና አልተገኘም።