ጥይት የሚበትን አሮጌ ቤልጅግ፦ ጥፋቱን ፈልጌ ያገኘሁበት መንገድ

አሮጌ ጠመንጃ ጥይት መበተን ሲጀምር የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ውስጡ ተበልቷል፣ አልቆለታል» ይባላል። ቤልጅጌን፣ ማለትም የቤልጂየም ሥሪት ጠመንጃዬን፣ ይዤ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ስወጣ ከጎኔ የነበሩ ልምድ ያላቸው ተኳሾች የነገሩኝም ይህንኑ ነበር። ፍርዱ ትክክል አለመሆኑን ያረጋገጥኩት ጠመንጃውን ክፍል በክፍል፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩ ከመረመርኩት በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ ነባር ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ስለሚሸጡ፣ ከወገኖቻችንም ለአባቶቻቸው መታሰቢያ ብለው የሚገዟቸው ስላሉ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ቅርስ ናቸው፤ በችኮላ ፍርድ ተቆርጠውና ተቦርቡረው እንዳይበላሹ ከልቤ እመኛለሁ።

ጠመንጃው ሊየዥ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በኸርስታል፣ በኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራ፣ በማውዘር 98 ሥርዓት የሚቀባበልና 7.92 በ57 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥይት የሚጎርስ ነው። በ100 ያርድ፣ ማለትም በ91 ሜትር ገደማ፣ አምስት ጥይት ስተኩስበት ቀዳዳዎቹ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ ነበር። ከእንዲህ ያለ የጦር ሜዳ ጠመንጃ በክፍት ማነጣጠሪያ፣ በዚህ ርቀት፣ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የሚሰበሰብ ውጤት ከተገኘ የሚያስመሰግን ነው፤ 30 ግን የሆነ ነገር መላላቱን ወይም መጨናነቁን የሚናገር ቁጥር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ደኅንነት ነው። ባለፉት ዘጠና ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ጠመንጃ መቀባበያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ መቀባበያው ሲዘጋ ከጥይቱ ቂጥ ጋር የሚኖረው ክፍተት በልኬት መሣሪያ መመርመር አለበት። ይህን ለባለሙያ የመሣሪያ ጠጋኝ ሰጥቼ አስለካሁ፤ ደኅና ሆኖ ስለተገኘ ወደ ቀጣዩ አለፍኩ። ማንም ሰው ይህን ሳያስደርግ እንዳይተኩስ አጥብቄ እመክራለሁ።

ቀጥሎ ያጣራሁት ጥፋቱ የተኳሹ እንዳይሆን ነው። ጠመንጃውን በጠረጴዛ ላይ በአሸዋ ከረጢት አስደግፌ፣ በየመካከሉ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ እየጠበቅሁ ተኮስኩ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያነጣጥር ጓደኛዬም በዚያው ጠመንጃ ተኮሰ። የሁለታችንም ወረቀት ተመሳሳይ ነበር። ወረቀቱ ሌላም ነገር ነግሮኛል፦ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ክብ ነበሩ። የጠመንጃው ውስጥ በእውነት አልቆ ቢሆን ኖሮ አረሩ ሳይሽከረከር በጎኑ እየበረረ ሞላላ ቀዳዳ ይተው ነበር። ክብ ቀዳዳ ማለት በብረቱ ቱቦ ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ አረሩን አሁንም ይይዘዋል ማለት ነው። ከዚያች ወረቀት በኋላ ነው ዓይኔን ከብረቱ አንሥቼ ወደ እንጨቱ ያዞርኩት።

ብዙ ሰው እንጨቱን የጌጥና የመያዣ ነገር አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን ጥይቱ ሲተኮስ ብረቱ ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል የሚያርፈው በእንጨቱ ላይ ነው፤ ብረቱ በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ አንድ ቦታ ካልተመለሰ ጥይቱም ወደ አንድ ቦታ አይሄድም። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ነው፤ አሮጌ እንጨት በእንዲህ ያለ አየር ይሟሽሻል፣ ይጠባል። ከታች በኩል ያሉትን ሁለቱን ትልልቅ ብሎኖች በካቻቢቴ ስፈትሽ ጥብቅ ነበሩ፤ ሆኖም ጥብቀታቸው አሳሳች ነበር። እንጨቱ ስለሳሳ የጥይት ሳጥኑ የላይኛው ጠርዝ ከብረቱ አካል ጋር ተገናኝቶ ነበርና፣ ብሎኖቹ ሲጠብቁ የሚያያይዙት ብረትን ከብረት ጋር ነው እንጂ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር አልነበረም። በኋለኛው ብሎን ቀዳዳ ውስጥ መኖር የነበረባት ትንሽ የብረት ቱቦም ጠፍታለች። ያቺ ቱቦ የምትሠራው ብሎኑ ሲጠብቅ እንጨቱን እንዳይጨፈልቅና የብረቱን ጀርባ እንዳያጎብጥ መደገፍ ነው፤ ቁመቷም ከዋናው ልክ ጋር መስማማት አለበት።

የት እንደሚነካና የት እንደማይነካ ለማወቅ ዘዴው ቀላል ነው። ብረቱን ፈትቼ የታችኛውን ፊቱን፣ በተለይም ግፊቱን የሚቀበለውን ጉጥ፣ በሻማ ጥላሸት ቀባሁት፤ መልሼ ገጥሜ ብሎኖቹን አጠበቅሁና እንደገና ፈታሁት። ጥላሸቱ በእንጨቱ ላይ ያተመው ምልክት ታሪኩን ሁሉ ተናገረ፦ ከጉጡ በስተጀርባ መላው ፊት መጥቆር ሲገባው፣ ጥፍር የምታህል ነጠብጣብ በግራ ጥግ ብቻ ነበረች። በዚህ ምክንያት ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ብረቱ በግራ ጥጉ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ይዞር ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎች እንጨቱን ቦርቡረው ሙጫ ያፈሱበታል። ሙጫው ይሠራል፤ ነገር ግን አይመለስም። እኔ የመረጥኩት ሊመለስ የሚችለውን መንገድ ነው። ከጉጡ ጀርባ በልኩ የተቆረጠ ስስ የነሐስ ቅጠል አስገባሁ፤ ከሥሩ ደግሞ ብረቱ ከጥይት ሳጥኑ ጋር እንዳይነካካ በቂ ከፍታ የሚሰጥ ጠንካራ ካርቶን አኖርኩ፤ የጠፋችውንም ቱቦ ከአሮጌ መለዋወጫ ሻጭ ገዝቼ ተካሁ። ጥላሸቱን ደግሜ ስቀባ ጥቁሩ በፊቱ ሁሉ ላይ ታተመ። በሜዳው ላይ የ30 ሳንቲ ሜትሩ መራራቅ ወደ 17 ወረደ፤ ብረቱን ገና አልነካሁትም።

የቀረው መራራቅ ከላይ ወደ ታች የተዘረጋ ነበር፤ ጠመንጃው በሞቀ ቁጥርም ጥይቱ እየወጣ ይሄዳል። ይህ ብረቱ ሲሞቅ እየሰፋ ከእንጨቱ ጋር እንደሚጋፋ የሚያመለክት ነው። የማውዘር መሐንዲሶች የብረቱን ቱቦ በደረጃ እየቀጠነ እንዲሄድ ያደረጉት ሲሞቅ በእንጨቱ ውስጥ በነፃነት እንዲረዝም በማሰብ ነበር። በእኔ ጠመንጃ ግን በላይኛው የእጅ መከላከያ እንጨት ሥርና በፊተኛው ቀለበት ውስጥ ለዓመታት የተከማቸ ዘይት እንደ ሬንጅ ደርቆ ቦታውን ሞልቶታል። በእንጨት ስንጥርና በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጠርጌ አወጣሁት። እንጨቱን መቦርቦርም ሆነ መፋቅ አላስፈለገም። ውጤቱ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ተሰበሰበ።

ወደ ውስጡ የዞርኩት ከዚህ በኋላ ነው። የድሮ የጦር ጥይት ማቀጣጠያ ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ይህን ጨው ዘይት አያወጣውም፣ ውሃ እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ አጠብኩት፤ ከደረቀ በኋላ አሞኒያ ባለበት ማጽጃ ወለወልኩት። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ውስጡ ከአረር የተላጠ መዳብ ተጣብቆበታል ማለት ነው፤ የእኔው እንደ ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ይመስል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፦ የመወልወያው ጫፍ ነሐስ ከሆነ ራሱ ጨርቁን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የፕላስቲክ ጫፍ መጠቀም ይሻላል። አሞኒያውንም ውስጡ ማሳደር አይገባም። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ቦዮቹ ጥቁርና ሻካራ ቢሆኑም ጠርዛቸው ግን አሁንም የቆመ መሆኑን አየሁ።

አፈሙዙ ትንሽ ተበልቷል። ያልተተኮሰ ጥይት አረሩን ወደ አፈሙዙ አዙረን ብናስገባው ከሚገባው በላይ ጠልቆ ይገባል፤ ይህ የሚሆነው ወታደሮች ለዓመታት መወልወያውን ከፊት በኩል እያስገቡ ስለሚፈትጉት ነው። ጠጋኙ ጫፉን በመሰርሰሪያ ሊያሰፋው አሰበ። አልፈቀድኩም፤ ምክንያቱም ጥይቱን ገና አልፈተሽኩም ነበርና፣ የማይመለሰው ሥራ ሁልጊዜ በመጨረሻ መምጣት አለበት።

ለስላሳ የእርሳስ ብረት ቁራጭ በዘይት ነክሬ ከአፈሙዙ ጀምሮ በእንጨት ዘንግ ቀስ እያልኩ ገፋሁትና የወጣውን በካሊፐር ለካሁ፤ 8.25 ሚሊ ሜትር ሆነ። ጀርመኖች በ1905 እ.ኤ.አ. ያጸደቁት አረር ወደ 8.22 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረው የ1888ቱ ሥርዓት ግን 8.08 ገደማ ነበር፤ ስለዚህ የእኔው ጠመንጃ ለወፍራሙ አረር የተሠራ ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሰው ወፍራሙን ጥይት በጠባቡ አሮጌ ጠመንጃ እንዳይተኩስ ስለሚሰጉ ጥይቱን በዝቅተኛ ግፊት ይሞሉታል፤ አረሩም 11 ግራም ያህል ነው። ቦዩ አንድ ዙር የሚዞረው በ24 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ለከባድና ረጅም አረር የተመቸ ነው። ስለዚህ በአውሮፓ የተሠራ 12.7 ግራም አረር ያለው ጥይት ሞከርኩ። አምስቱ ቀዳዳዎች በ8 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ጓደኛዬም ደግሞ ተኩሶ ተመሳሳይ አገኘ። አፈሙዙን የመሰርሰር ጉዳይ በዚያው ተዘጋ።

የቀረው ጥይቱ ከታለመበት ከፍ ብሎ መምታቱ ነው። ይህን ብዙዎች ከመበተን ጋር ያምታቱታል፤ ሆኖም ተሰብስቦ ከፍ የሚል ጥይት የማነጣጠሪያ ጉዳይ ብቻ ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ ዝቅተኛ እርከን ከ100 ያርድ ለራቀ ዒላማ የተበጀ ስለሆነ በቅርብ ርቀት ከፍ ማለቱ የታወቀ ነው። ከፊት ከነባሩ ከፍ ያለ ማነጣጠሪያ ገዝቼ ገጠምኩ፤ ነባሩን አልሞረድኩትም፣ ከጠመንጃው ጋር ተቀምጧል። ከተከታታይ ተኩስ በኋላ ብረቱ ሲሞቅ አሁንም ትንሽ ወደ ላይ የመውጣት ጠባይ አለው፤ ቀጥዬ የምመረምረው የፊተኛውን ቀለበት ጥብቀት ነው።