ፖስተሩ ላይ የተገኘችው «1-ማር»

የባዮኢንፎርማቲክስ (የሥነ ሕይወት መረጃን በኮምፒውተር የሚተነትነው ዘርፍ) ሰዎች ትልቁ ጉባኤ አይኤስኤምቢ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ክረምት ላይ ሲካሄድ ኖሯል፤ ከእሱ ሌላም ትንንሾቹ ብዙ ናቸው። ይህ የሆነው ከትንንሾቹ በአንዱ፣ አውሮፓ ውስጥ ነው። አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ኤ0 ፖስተሯን (84.1 በ118.9 ሴ.ሜ.) ለሻንጣ እንዲመች ጨርቅ ላይ አሳትማ ሰቅላለች። አንድ አንጋፋ የአገሯ ሰው መጡና የጂኖችን መጠን በቀለም ከሚያሳየው ሥዕል (ሂትማፕ) ጎን ካሉት ስሞች አንዱን በጣታቸው ነኩ።

«እህቴ፣ ይህቺን ማር ከየት ቆረጣችኋት?»

«የቷን ዶክተር?»

«1-ማር ትላለች እኮ። ከታች ደግሞ 2-ሴፕ አለች።»

ወዲያው ገባት። ኤክሴል «ሴፕት2» የሚለውን የጂን ስም ሴፕቴምበር 2፣ «ማርች1»ን ደግሞ ማርች 1 አድርጎ ያነባል። ችግሩ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ውስጥ አግኝቶታል። የሰው ጂኖችን ስም የሚያወጣው ኮሚቴም በመጨረሻ ተሸንፎ ሴፕት2ን ሴፕቲን2፣ ማርች1ን ማርችኤፍ1 ብሎ ቀየራቸው። የተማሪዋ ቡድን ግን የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የጂኖች ዝርዝር፣ በጄንኮድ 19፣ ነበርና የድሮዎቹ ስሞች እንዳሉ ናቸው።

የሥራ ባልደረባዋ የእያንዳንዱ ጂን ቆጠራ ያለበትን ፋይል በኤክሴል ከፍቶ፣ «ረጃጅሞቹ ቁጥሮች አያስፈልጉም» ብሎ የኤንሴምብል መለያ (ኤንሴምብል የተባለው የመረጃ ቋት ለእያንዳንዱ ጂን የሚሰጠው ቁጥር) ያለበትን ዓምድ አጥፍቶ፣ ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ ተራ ጽሑፍ) አድርጎ አስቀምጦታል። ለመጉዳት ሁለት ጠቅታ ይበቃል። በኤክሴሉ በራሱ ፎርማት ቢያስቀምጠው እንኳ ከስሙ ስር የሚቀረው የቀን ቁጥር ነው፤ ሴፕት2 በ2023 ከተከፈተ 45171፣ በ2024 ከተከፈተ 45537። ሲኤስቪ ላይ ደግሞ የሚጻፈው የሚታየው ብቻ ነው፣ «2-ሴፕ»። ዓምዱን ወደ «ቴክስት» መቀየር ስሙን አይመልሰውም።

ይህን ሁሉ የትንታኔው ፕሮግራም አር አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ፋይሉን ሲያነብ «የተደጋገመ የረድፍ ስም አይፈቀድም» ብሎ ቆመ። ልጅቱ በሜክ ዩኒክ አለፈችው፤ ይህ ትእዛዝ ለተደጋገመው ስም «.1» እየቀጠለ ዝም ያሰኘዋል። አይፈረድባትም፤ ጄንኮድ ውስጥ «ዋይ አርኤንኤ» የሚል ስም ብዙ መቶ ጊዜ ስለሚደጋገም ያንን ስህተት ማለፍ ልማድ ሆኗል። የዚህኛው መነሻ ግን ሌላ ነበር። «ማርች1» እና «ማርክ1» የተለያዩ ጂኖች ሆነው ሳለ ሁለቱንም ኤክሴል 1-ማር ያደርጋቸዋል። ማርች2 እና ማርክ2ም እንደዚያው። ሴፕትን በግምት መመለስ ይቻላል፤ ማርን ግን አይቻልም።

ኤክሴል መክፈት የግድ ከሆነ፣ ፋይሉን በጠቅታ ሳይሆን ከ«ዳታ» ትር «ከቴክስት/ሲኤስቪ» በሚለው አስገብቶ፣ የዓይነት ግመታውን አጥፍቶ፣ የስሙን ዓምድ ቴክስት ማድረግ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 ቅየራውን ማጥፊያ ምርጫ ጨምሯል፤ ግን የሚሠራው በራስ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ፋይሉ ባልደረባ ጋ ደርሶ ሲመለስ ዋስትና የለውም። መተማመኛው የኤንሴምብል መለያ ነው፤ እሱን የረድፍ ስም አድርጎ ትንታኔውን ጨርሶ፣ የጂኑን ስም ሥዕሉ ላይ ብቻ መለጠፍ። ከማሳተም በፊት ደግሞ በቁጥርና በሰረዝ የሚጀምር ስም ካለ መፈለግ፤ ግሬፕ የሚባለው የጽሑፍ መፈለጊያ ትእዛዝ በሰከንድ ያወጣዋል።

ጨርቅ አይታረምም። ተማሪዋ ከአስተናጋጆቹ ነጭ ተለጣፊ ወረቀት ለምና፣ ሥራው በበሽታ መከላከል ሕዋሳት ላይ ስለነበር፣ 1-ማር ላይ «ማርች1» ብላ ለጠፈች፤ ማርች1 በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ የሚታወቅ ጂን ነው። ማታ ዋናው ፋይል ከቤተ ሙከራው ሰርቨር መጣላት። ረድፉን በቆጠራው ቁጥሮች አመሳከረችው፤ የማይቶኮንድሪያው ማርክ1 ነበር። ጠዋት አዳራሹ ሳይከፈት ሌላ ተለጣፊ ፍለጋ ወጣች።