ከሮቤርታ ቪንቺ የተማርኩት ስላይስ

በሁለት እጅ የሚመታው ባክሃንድ፣ ማለትም ራኬት ከያዘው እጅ በተቃራኒ ጎን የምትመጣን ኳስ መምቻው፣ ለእኔ አልሆነም። ቴኒስ የጀመርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ወገቤ እንደ ልጆቹ እሺ ብሎ አይዞርም። ስለዚህ በአንድ እጅ ኳሷን ቆርጦ መላክን፣ ማለትም ስላይስን፣ ዋና ባክሃንዴ አደረግኩት። ያስተማረችኝ በአካል አይቻት የማላውቅ ጣሊያናዊት ናት። የሮቤርታ ቪንቺን ጨዋታዎች በቪዲዮ እየደጋገምኩ አያለሁ፤ ያየሁትን ከሥራ በኋላ ሜዳ ላይ እሞክራለሁ።

ለምን እሷን? ጣሊያን በዚያ ዘመን ሌሎችም ነበሯት። ፍራንቼስካ ስኪያቮኔ በ2010 ሮላን ጋሮስን፣ ማለትም የፈረንሳይ ኦፕንን፣ ወስዳለች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የእሷም ባክሃንድ የአንድ እጅ ነው፤ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ያንን ከባድ ቶፕስፒን፣ ኳሷን ወደ ፊት የሚያሽከረክረውን ምት፣ ለማውጣት ግን የእሷ ዓይነት ትከሻ ያስፈልጋል። የታራንቶዋ ልጅ ቪንቺ አጭር ናት፣ ሰርቯ (ጨዋታ ማስጀመሪያ ምቷ) አያስፈራም፣ ኳስ በጉልበት አትደበድብም። ተጋጣሚዎቿ አብዛኞቹ በሁለት እጅ እየደበደቡ ያደጉ ናቸው። እሷ በባክሃንድ በኩል ሁሉንም ማለት ይቻላል በስላይስ ትመልሳለች። እንዲህ እየተጫወተች በ2016 በነጠላ የዓለም 7ኛ ደረጃ ደረሰች። ያኔ 33 ዓመቷ ነበር። ለእኔ የሚሆን ሰው አገኘሁ አልኩ።

መጀመሪያ ያጠናሁት ትከሻዋን ነው። ኳሷ መረቡን ሳትሻገር ቪንቺ ጎኗን ሰጥታ ቆማለች። ራኬቱ ከትከሻዋ ከፍ ብሏል፣ ግራ እጇ አንገቱን ይዟል። ከዚያ ከላይ ወደ ታችና ወደ ፊት ትልካለች። የራኬቱ ፊት ትንሽ ወደ ላይ ይከፈታል፤ የእጇ አንጓ ግን ንቅንቅ አይልም። ቀኝ እጇ ወደ ፊት ሲሄድ ግራ እጇ ወደ ኋላ ይቀራል። ደረቷ ቶሎ እንዳይዞር የሚያደርገው ያ ግራ እጅ ነው። ራኬቱን የምትይዘው ኮንቲኔንታል በሚባለው አያያዝ ነው፤ ለሰርቭም ለቮሊም (ኳሷ መሬት ሳትነካ ለሚመታው ምት) የሚያገለግለው ያው ራሱ።

ሜዳችን ላይ የሚያሠለጥኑን ጋሼ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ እንጨት እየፈለጥክ ነው እንዴ? ወደ ፊት ላካት እንጂ!» አሉኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ወደ ታች ብቻ ከቆረጧት ኳሷ ትንሳፈፍና ለተጋጣሚ ምሳ ትሆናለች። ወደ ፊት ከተገፋች ግን ዝቅ ብላ ትበርራለች፤ መሬት ስትነካ ብዙም ሳትነጥር ተንሸራታ ታልፋለች። ጋሼ ከመረቡ በላይ ገመድ ወጠሩልኝ፤ ሥራዬ ኳሷን በመረቡና በገመዱ መካከል ማሳለፍ ብቻ ሆነ። አሰልቺ ነው፤ ግን እንደ እሱ የጠቀመኝ የለም።

ዝቅ ያለች ኳስ የምታሠቃየው ረጅምና ኃይለኛ ተጫዋችን ነው። እሱ ወገቡ አካባቢ የምትነጥርለትን ኳስ ነው የሚፈልገው። ስላይስ ግን ጉልበቱ አካባቢ ዝቅ ብላ ትመጣበታለች፤ መታጠፍ አለበት፣ ኳሷን ከታች ወደ ላይ ማንሳትም አለበት። ፍጥነት ስለማትሰጠው ኃይሉን ሁሉ ከራሱ ያወጣል። በዚያ ላይ ኳሷ ዝግ ስለምትል፣ ቆራጩ ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ያገኛል።

ይህን ማየት ለሚፈልግ የ2015ቱ የዩኤስ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ አለለት። ሴሬና ዊሊያምስ በአንድ ዓመት አራቱንም ግራንድ ስላም፣ ማለትም የቴኒስ ታላላቅ ውድድሮች፣ ለመጠቅለል ሁለት ድል ቀርቷታል። ከሽቴፊ ግራፍ ወዲህ፣ ማለትም ከ1988 ጀምሮ፣ ማንም አላደረገውም። ቪንቺ የዓለም 43ኛ ናት፤ ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ተጋጥመው አንድ የጨዋታ ክፍል እንኳ አልቀማቻትም። አቋማሪዎች 300 ለ 1 ሰጥተዋታል። የመጀመሪያውን ክፍል 6 ለ 2 ተሸነፈች። ሁሉም ያለቀ መስሎታል። ቀጣዮቹን ሁለቱን ግን 6 ለ 4፣ 6 ለ 4 አሸነፈች።

እኔ የምደጋግመው የመጨረሻውን ክፍል ነው፤ 3 እኩል ላይ ያለውን። ረጅም ምልልስ አሸንፋ እጇን ወደ ተመልካቹ አነሳች፤ ለእኔም አጨብጭቡልኝ እንጂ በሚል ዓይነት። ስታዲየሙ በሙሉ የሴሬና ነበር፣ ያው አሜሪካ ነው። ድምፁን አጥፉና እግሯን ብቻ ተመልከቱ። ከእያንዳንዱ ስላይስ በኋላ ጉልበቷ ታጥፎ፣ ተረከዟ ከመሬት ተነስቶ ታያላችሁ። ከጨዋታው በኋላ ራሷ የተናገረችው ምክርም ከዚህ አይርቅም፦ ኳሷን ሜዳ ውስጥ አስገቢ፣ አታስቢ፣ ሩጪ።

ስላይሱ ብቻውን ግን ያን ያህል አይጠቅምም። ይህን የተረዳሁት የጥንድ ጨዋታዋን ሳይ ነው። ብዙ ሰው ቪንቺን በሴሬናው ድል ብቻ ያስታውሳታል፤ ይህ ትንሽ ያናድደኛል። ከሳራ ኤራኒ ጋር አምስት የግራንድ ስላም ዋንጫ አንስተዋል፤ በ2012 ሮላን ጋሮስንና ዩኤስ ኦፕንን፣ በ2013ና በ2014 አውስትራሊያን ኦፕንን፣ በ2014 ዊምብልደንን። የዓለም 1ኛም ነበሩ። መረብ ላይ ያደገ እጅ ነው ያላት። ነጠላ ስትጫወት ያንን እጅ ይዛ ትመጣለች፤ ቆርጣ ትልክና ተከትላት ወደ መረቡ ትወጣለች። ሴሬናን የጨረሰችውም መረብ አጠገብ በሀፍ ቮሊ፣ ማለትም ኳሷ ገና መሬት ነክታ ስትነሳ በመምታት፣ ነው።

እኔም ስላይስን ከቀጣዩ እርምጃ ጋር አንድ ላይ መለማመድ ጀመርኩ። አጭር ኳስ ስትመጣ በጎን መስመሩ በኩል እቆርጣታለሁ፣ ሳላቆም ወደ ፊት እሄዳለሁ፣ ተጋጣሚዬ ሲመታ ባለሁበት በሁለት እግሬ ረግጬ እዘጋጃለሁ። ቅዳሜና እሁድ ጥንድ መጫወትም አዘወተርኩ። ቮሊ የሚለመደው እዚያ ነው።

ይህ ጨዋታ የሚከብደው ከሚያውቅህ ሰው ጋር ነው። ቪንቺ በማግስቱ ፍጻሜ የገጠመችው ፍላቪያ ፔኔታን ነበር፤ የብሪንዲዚ ልጅ፣ የልጅነት ጓደኛዋ። በ1999 ሮላን ጋሮስ ላይ የወጣቶችን የጥንድ ዋንጫ አብረው ወስደዋል። ፔኔታ ስላይሱን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ሳትቸኩል ታጥፋ ታነሳለች። 7 ለ 6፣ 6 ለ 2 አሸነፈችና ዋንጫውን እንደያዘች ከቴኒስ ልትሰናበት መሆኑን ተናገረች። ቪንቺ እስከ 2018 ቆይታ ሮም ላይ ተሰናበተች።

የእኔም ረጅሙ ጓደኛዬ ነቅቶብኛል። በፊት ዝቅ ያለች ኳስ ስትመጣበት ይነጫነጭ ነበር። አሁን ቀድሞ ጉልበቱን አጥፎ ይጠብቀኛል። ቪንቺም አልፎ አልፎ ተጋጣሚዋን ለማደናገር ቶፕስፒን ትመታ ነበር። ስለዚህ እኔም ጋሼን ለምኜ እሱን ጀምሬያለሁ። ገመዱ ወርዷል፤ አብዛኞቹ ኳሶቼ አጥሩን እየመቱ ነው።