ወርቁን ጎንበስ ብሎ ማየት

ለትምህርት ጣልያን የከረመ ሰው ፍሎረንስ ሄዶ ኡፊዚ የተባለውን የሥዕል ሙዚየም ሳያይ አይመለስም። ብዙው ሰው ግን የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በሩጫ አልፎ በሠዓሊው ቦቲቼሊ ሥዕሎች ፊት ይኮለኮላል። ሥዕለ አድኅኖ እየተሳለምን ላደግን ለእኛ ይህ ትልቅ ኪሳራ ይመስለኛል። ዓይናችን ያለአስተማሪ የሚያነበው ያንን የታለፈውን ክፍል ነውና።

እዚያ በወርቅ ላይ የተሣሉ ሦስት ግዙፍ የእመቤታችን ሥዕሎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፦ የሠዓሊዎቹ የቺማቡዌ፣ የዱቾ እና የጆቶ። የዱቾው በ1285 የታዘዘ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ ቁመቱ 4 ሜትር ተኩል ይደርሳል። የጆቶው ወደ 1310 ገደማ የተሣለ ነው። በሦስቱም እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በዙፋን ተቀምጣለች፣ መላእክት ከብበዋታል። ከመላእክቱ ለምን ገዝፋ እንደተሣለች ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ለእኛ አዲስ የሚሆነው በጆቶው ሥዕል የእመቤታችን ጉልበት አሣሣል ነው። ልብሱ ሥር እውነተኛ ጉልበት እንዳለ ይታያል፤ ሰውነቷ ዙፋኑ ላይ ክብደቱን አሳርፏል። ከቺማቡዌ ወደ ጆቶ፣ ከጆቶ ወደ ቺማቡዌ ሦስት አራት ጊዜ ዓይንን ማመላለስ የአውሮፓ ሥነ ጥበብ ህዳሴ የሚሉት ነገር ከየት እንደተነሣ ያሳያል።

አሠራሩም ቢሆን ለእኛ ባዳ አይደለም። ፖፕላር ከሚባል ዛፍ የተሰነጠቀ ሳንቃ ተጋጥሞ በሙጫና በጀሶ ደጋግሞ ይለሰናል፤ ጀሶ የሚለው ቃላችን ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ልስኑ ደርቆ ከለሰለሰ በኋላ ወርቅ የሚያርፍበት ቦታ ቀይ የሸክላ አፈር ይቀባል፣ በላዩ ስስ የወርቅ ቅጠል ይለጠፍና በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ ይወለወላል። ቀለሙ በእንቁላል አስኳል የተበጠበጠ ነው። ዛሬ ወርቁ መሐል ቀላ ብሎ የሚታየው ያ አፈር ነው፤ ወርቁ በዘመን ብዛትና በጽዳት ሲሳሳ ብቅ ይላል። ፊቶቹ አረንጓዴ የሚመስሉትም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የቆዳው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሥሩ አረንጓዴ አፈር ይቀባ ነበር፣ የላይኛው ሮዝ ቀለም ሲሳሳ የሥሩ ወጣ። የጥንት ሰዎች ፊትን አረንጓዴ አድርገው ይሥሉ ነበር ብሎ ማስታወሻ ላይ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው።

የወርቅ ሥዕል ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ተቁሞ አይታይም። እንዲያ ሲቆሙ ወርቁ ቡናማ ሆኖ ይሞታል፣ መስታወት ካለው ደግሞ የራስን ፊት ነው የሚያዩት። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ያኔ ብርሃኑ ወርቁ ላይ ይንሸራተታል፤ አክሊለ ብርሃኑ ላይ በመውጊያ አንድ በአንድ የተተከሉት ነጥቦች ይነሣሉ። የተሠራው ከታች ለሚወዛወዝ የሻማ ብርሃን ነው። በጧፍ ብርሃን ሥዕል ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ሲጠጉ ግን ጣትም እርሳስም መቀሰር አይገባም፤ ጥበቃዎቹ ወዲያው ይቆጣሉ።

በአስኳል የተበጠበጠ ቀለም ቶሎ ስለሚደርቅ አንዱን ከአንዱ ማዋሐድ አይቻልም። ስለዚህ የጉንጭ ጥላ የሚሠራው እንደ ፀጉር በቀጠኑ መስመሮች ነው። በዘይት ሲሆን ቀለሙ ይዋሐዳል። ልዩነቱን ለማየት ከቬሮኪዮ «የክርስቶስ ጥምቀት» የተሻለ ቦታ አላውቅም። በግራ ጫፍ ሁለት መላእክት ተንበርክከዋል፣ ጀርባውን የሰጠንን ጫፍ ላይ ያለውን የሣለው የቬሮኪዮ ተማሪ የነበረው ወጣቱ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። የጎረቤቱ ፊት ጠርዝ አለው፤ የእሱ ግን ጥላው የት እንደጀመረ አይያዝም።

ስለ መግቢያው የሚጠቅመውን ባጭሩ ልጻፍ። ኡፊዚ ሰኞ ዝግ ነው። ትኬት ላይ 8:15 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 2:15 ነው፤ 14:30 ደግሞ ከቀኑ 8:30። በዚህ ተሳስቶ ቀጠሮ ማሳለፍ ቀላል ነው። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ በነፃ ነው፣ ሰልፉ ግን ረጅም ነው። ከ18 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች የሚባለው የ2 ዩሮ ዋጋ ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ተማሪ በዚያ ተስፋ አድርጎ መሄድ የለበትም። በኅብረቱ አገሮች ሥነ ጥበብ፣ ኪነ ሕንፃ ወይም የቅርስ ጥበቃ የሚማር ግን የዘመኑን የምዝገባ ማስረጃ ይዞ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ የተማሪ መታወቂያ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ጠዋት እንደተከፈተ ቀጥታ ቦቲቼሊ ዘንድ ሄዶ፣ ሰው ሲሞላ ወደ ወርቁ ክፍል መመለስ ሁለቱንም ያተርፋል። ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት አልመክርም፤ እግር ሲዝል ዓይን ማየቱን ትቶ መቁጠር ይጀምራል። አሥር ሥዕል ይበቃል።

ዓይናችን መሠልጠን ያለበት ግን በርቀት አሣሣል፣ ማለትም ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ጥልቀት በማሳየት ጥበብ ነው። የእኛ አሣሣል ይህን መንገድ አልፈለገውም። ለዚህ እዚያው ፍሎረንስ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ማዛቾ በ1427 ገደማ የሣለው «ሥላሴ» ፊት መቆም ነው። መስመሮቹ ሁሉ የሚገናኙበት ነጥብ በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ ገደማ፣ ከመስቀሉ እግር ሥር ነው። ሥዕሉ ከ6 ሜትር በላይ ቁመት ስላለው ተጠግቶ የቆመ ሰው ምንም አይታየውም። ቀስ እያሉ ወደ ኋላ መሄድ ነው። በአንድ እርምጃ ላይ ግድግዳው በድንገት ተበስቶ ከበስተጀርባው ጸሎት ቤት ይከፈታል።

ከኡፊዚ ሳይወጡ አንድ ነገር ይቀራል። በረጅሙ ኮሪደር ጣሪያው ሥር የነገሥታትና የታላላቅ ሰዎች ምስል ተደርድሯል። የፍሎረንስ ገዥ የነበረው ቀዳማዊ ኮዚሞ ዴ ሜዲቺ ሠዓሊውን ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞን በ1552 ኮሞ ከተማ ልኮ፣ ጳጳሱ ፓውሎ ጆቪዮ ካሰባሰቧቸው ምስሎች ያስገለበጣቸው ናቸው። ከስብስቡ አንዱ አፄ ልብነ ድንግል ናቸው። ሠዓሊው አላያቸውም፤ ግልባጭ ነው። ቢሆንም ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት ንጉሣችን እዚያ ሰልፍ ውስጥ ስም ተሰጥቷቸው ቆመዋል። ሰዉ ሁሉ ሐውልቶቹን እያየ ነው የሚያልፈው፤ እሳቸውን ለማግኘት አንገትን ቀና አድርጎ ስም በስም እያነበቡ መሄድ ያስፈልጋል።